የታላላቆች መቃብርና በመንገድ የቀሩት ወገኖቻችን



ከሰፈራችን ከቂርያት መናሔም ወደ መሃል ከተማ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ በሃር ሄርጽል በኩል ያልፋል። ልጆቻችን ከትምህርት ቤታቸው ጋር ወደዚያ ይወሰዳሉ፤ ሲመለሱም የትልልቅ ሰዎችን መቃብር እንዳዩ ይነግሩናል። ከዚያም «ከእኛስ ታላቅ ሰው የት ነው የተቀበረው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው ታላቅ የሚባለው ማን ነው የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መቃብሩ የማይታወቀውን ሰው እንዴት እናከብረዋለን የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም እንደ ኦሪታችንና እንደ አባቶቻችን ልማድ ለማየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሃር ሄርጽል እነማን ተቀበሩ?

ተራራው የተሰየመባቸው ቢንያሚን ዜዕቭ ሄርጽል በ1904 በኦስትሪያ አረፉ። በኑዛዜያቸው፣ ሕዝቡ አጽማቸውን ወደ እስራኤል ምድር እስከሚያመጣው ድረስ ከአባታቸው አጠገብ እንዲቀበሩ አዝዘው ነበር። መንግሥት ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ አጽማቸው ከቪየና መጥቶ በዚህ ተራራ ላይ ዐረፈ። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ ከስማቸው በቀር የተጻፈ የለም። ኦሪትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ኑዛዜ አዲስ ነገር አይደለም። ዮሴፍም በግብፅ ሳለ አጽሙን ይዘው እንዲወጡ የእስራኤልን ልጆች አስምሏቸው ነበር፤ ሙሴም የዮሴፍን አጽም ይዞ ወጣ፤ በመጨረሻም በሴኬም ተቀበረ።

በሄርጽል አቅራቢያ ሌዊ ኤሽኮል፣ ጎልዳ ሜኢር፣ ይጽሐቅ ራቢን፣ ይጽሐቅ ሻሚርና ሺሞን ፔሬስ ተቀብረዋል። ከእነርሱ ቀጥሎ የወታደሮች መካነ መቃብር አለ። በዚያ የአዛዡም የተራው ወታደርም ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው፤ ማዕረግ ቢለያይም ድንጋዩ አይበላለጥም። ከማኅበረሰባችን የወጡ ልጆችም በዚያ ዐርፈዋል። በ1968 ከ69 መርከበኞች ጋር በባሕር ውስጥ ለጠፋችው «ዳካር» ለተባለችው የባሕር ሰርጓጅ መርከብ መታሰቢያ ቆሟል። መቃብራቸው ላልታወቀ ወታደሮችም ለብቻው የተከለለ ቦታ አለ። ስለዚህ በዚህ ተራራ ላይ አካሉ ያልተገኘ ሰውም ስሙ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው።

ታላላቆች ሁሉ ግን በሃር ሄርጽል አልተቀበሩም። መናሔም ቤጊን በ1977 ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ የኢትዮጵያ አይሁድ ወደ እስራኤል እንዲመጡ ትእዛዝ የሰጡ መሪ ናቸው። በ1992 ሲያርፉ፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ በሃር ሄርጽል ከመሪዎች ጋር ሳይሆን በደብረ ዘይት ተራራ (ሃር ሃዜቲም) ተቀበሩ። አጠገባቸው በ1947 በኢየሩሳሌም እስር ቤት የሞቱ ሁለት ወጣት ታጋዮች አሉ። በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ያረጋገጡት ራቢ ዖቫድያ ዮሴፍ በ2013 ዐርፈው በሳንሄድሪያ ተቀብረዋል። በከተማው ውስጥ በኢትዮጵያ መንገድ፣ ከኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ይኖሩ የነበሩት ኤሊዔዜር ቤን ዬሁዳ፣ ልጆቻችን ዛሬ የሚናገሩትን ዕብራይስጥ ያነሡ ሰው ናቸው፤ ከ1922 ጀምሮ ያሉት በደብረ ዘይት ተራራ ነው።

ታላቅ የሚባለው ማን ነው?

ልጆቻችን የእነዚህን ሰዎች ስም ማወቃቸው መልካም ነው። ነገር ግን ከእኛ ወገን የሆኑትንስ ያውቃሉ? ታምራት አማኑኤል፣ ፕሮፌሰር ያዕቆብ ፋይትሎቪች በ1905 ከኢትዮጵያ ሲመለሱ ይዘዋቸው ከሄዱት ሁለት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። በአውሮፓ ተምረው ተመለሱ፤ በ1920ዎቹ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ፤ በ1963 እዚሁ ኢየሩሳሌም አረፉ። ፈረደ አክሉም ደግሞ በሱዳን በኩል የሚወስደውን መንገድ ከከፈቱት ዋነኛው ናቸው፤ በ2009 ዐርፈው በቤር ሼቫ ተቀብረዋል። እንግዲህ ልጅ «ከእኛስ?» ብሎ ሲጠይቅ የምንመልሰው አለን።

ይሁን እንጂ ስም ብቻውን አይበቃም። የሰፈራችንን ስም እንውሰድ። ብዙ ሰው ቂርያት መናሔም በመናሔም ቤጊን ስም የተሰየመች ይመስለዋል። ነገር ግን የተሰየመችው በአሜሪካ የቄረን ካዬሜት መሪ በነበሩት በመናሔም ብሬስለር ነው። ስማቸውን በየቀኑ በአውቶቡስ ላይ እናነባለን፤ ታሪካቸውን የሚነግረን ግን የለም። ተናጋሪ የሌለው ስም እንዲህ ይሆናል፤ ፊደሉ ይቀራል፣ ሰውየው ይረሳል።

ሊቃውንቶቻችንም ታላቅነትን በመቃብር ማማር አልለኩትም። በድሮ ጊዜ የቀብር ወጪ ከመብዛቱ የተነሣ፣ አንዳንድ ድሆች የሟቻቸውን ሬሳ ጥለው እስከ መሸሽ ደርሰው ነበር። ይህን ያየው ታላቁ መሪ ራባን ጋምልኤል፣ እርሱ ሲሞት በተራ የተልባ እግር ጨርቅ ተከፍኖ እንዲቀበር አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ሀብታሙም ድሀውም በአንድ ዓይነት ነጭ ከፈን ይገነዛል። ታላቁ ሰው ክብሩን ዝቅ በማድረጉ የድሀውን ክብር ጠበቀ።

ከሊቀ ካህናቱ የሚቀድም ሙት

በሕጋችን «ሜት ሚጽቫ» የሚባል ነገር አለ። ይህም ማለት ቀባሪ የሌለው፣ በመንገድ ወድቆ የተገኘ ሰው ነው። ካህን ሬሳ እንዳይነካ በኦሪት ታዝዟል። ሊቀ ካህናቱ ደግሞ ለአባቱና ለእናቱ እንኳ ራሱን አያረክስም። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ቀባሪ የሌለው ሙት ቢያገኝ፣ ሌላ ሰው ከሌለ፣ በገዛ እጁ ይቀብረው ዘንድ ግዴታ አለበት። እስቲ ይህን ልብ እንበል። ለገዛ እናቱ ያልተፈቀደው ነገር ስሙ ለማይታወቅ ሰው ታዘዘ። እናቱ ሌላ ቀባሪ ታገኛለች፤ ያ ሰው ግን ከሚያልፈው መንገደኛ በቀር ማንም የለውም። የክብሩ ምክንያት ዝናው ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው።

ሽማግሌዎቻችን ይህን ሕግ ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት አይደሉም። በኢትዮጵያ ሳለን የንጽሕናን ሕግ አጥብቀን እንጠብቅ ነበር። ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ታጥቦ ነጽቶ ይመለሳል። በሱዳን ግን ይህን ሁሉ ለመፈጸም አልተቻለም። በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት የስደተኛ መጠለያዎች፣ በ1984 በተለይም፣ ረኃብና በሽታ ብዙ ሰው ጨረሰ። በመንገድና በሱዳን የሞቱት ወገኖቻችን 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። አይሁድነት እንዳይታወቅ ቀብሩ በድብቅ፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይፈጸም ነበር። ጮኾ ማልቀስ አልተቻለም፤ ተዝካር ማውጣትም አልተቻለም። በየሌሊቱ ተነሥተው የጎረቤታቸውን ልጅ የቀበሩት ሰዎች፣ ስማቸው በየትም ባይጻፍ፣ ያንን የሊቀ ካህናቱን ሥራ ሠርተዋል። ታላቅ ሰው ለሚፈልግ ልጅ እነዚህንም ማሳየት ይገባናል።

ሙታንን ትቶ መሄድ ኃጢአት ነውን?

እዚህ ላይ በየቤቱ ያለ፣ ግን የማይነገር ነገር አለ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው በሙሴ ዘመቻ 8,000 ያህል ሰዎች ወደ እስራኤል መጡ። መኪናው በሌሊት ሲመጣ፣ ትናንት የቀበሩትን ትቶ መሳፈር ግድ ነበር። አንዳንድ ወላጆች ያን ቀን አስበው «ልጄን በሰው አገር ጥዬ መጣሁ» ይላሉ። አንዳንዶችም ጨርሶ አይናገሩም፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቻቸው ሌላ ወንድም እንደነበራቸው አያውቁም።

ለእነዚህ ወላጆች ኦሪት መልስ አላት። አባታችን ያዕቆብ ራሔልን እጅግ ይወድ ነበር። በኤፍራታ መንገድ ላይ ስትሞት ግን ወደ ኬብሮን፣ ወደ አባቶቹ ዋሻ አላደረሳትም። በመንገድ ቀበራት፤ በመቃብሯም ላይ ሐውልት አቆመ፤ ሕፃኑን ብንያምንና ሌሎቹን ልጆቹን ይዞ ጉዞውን ቀጠለ። ሊቃውንቶቻችንም የቀብር ሰልፍና የሙሽራ ሰልፍ በመንገድ ቢገናኙ ቀባሪዎቹ ለሙሽራዋ መንገድ እንዲለቁ ደንግገዋል። ለሙት የሚሰጠው ክብር ትልቅ ነው፤ ሕያው ግን ይቀድማል። ስለዚህ የሞተውን ቀብሮ በሕይወት ያለውን ልጅ ተሸክሞ የሄደ ወላጅ ሙቱን አልከዳም፤ እንደ ያዕቆብ አደረገ።

ያዕቆብ ያደረገው ሌላም ነገር አለ። በእርጅናው፣ እርሱ ራሱ ከአባቶቹ ጋር እንዲቀበር ዮሴፍን ካስማለው በኋላ፣ ራሔልን በመንገድ እንደቀበራት ለዚያው ለልጇ ነገረው። አልደበቀውም። መልሱ ሙሉ የሚሆነው በዚህ ነው። ትቶ መሄድ ኃጢአት አልነበረም፤ አለመናገር ግን ሟቹን ሁለተኛ ጊዜ ያለ ቀባሪ ያስቀረዋል።

መቃብሩ አለመታወቁ የሚያሳፍር የሚመስለው ሰው ቢኖር ደግሞ ሙሴን ያስብ። ከነቢያት ሁሉ የሚበልጠው ሙሴ ከዮርዳኖስ ማዶ ሞተ፤ ምድሪቱን ከሩቅ አየ እንጂ አልገባባትም፤ መቃብሩንም እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ኢየሩሳሌም ሳይደርሱ የቀሩት ወገኖቻችን ከሙሴ ጋር ናቸው።

«እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» ለሚሉ

አንዳንድ ሽማግሌዎች «በአገራችን በመቃብር ላይ ስም አንጽፍም ነበር፤ ድንጋይ ከምረን እንሄዳለን፤ ስማቸውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ አሁን መጻፍ ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን በመንደራችን ስም ያልተጻፈው የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ነው። የማን መቃብር የት እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ተዝካሩ ይወጣ ነበር። መዝገቡ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ዘመድ በየከተማው ተበትኗል፤ የሚያውቁትም ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየሄዱብን ነው። ስለዚህ መጻፍ ልማድን መተው አይደለም፤ መንደሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ወደ ወረቀት ማሻገር ነው።

መንግሥትም ለዚህ ቀን ወስኗል። በኢያር 28፣ በዮም ዬሩሻላይም፣ ኢየሩሳሌም በ1967 አንድ የሆነችበት በዓል ሲከበር፣ ወደ እርስዋ ሲጓዙ ለሞቱት ወገኖቻችንም የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። ቀድሞ በራማት ራሔል ይሰበሰቡ ነበር፤ በ2007 መታሰቢያው በሃር ሄርጽል ተመረቀ። ቄሶቻችን በዚያ ጸሎት ያደርሳሉ። ደስታና ኀዘን በአንድ ቀን መዋላቸው ለአንዳንዱ ይከብደዋል፤ ነገር ግን የሄዱት ወደ ኢየሩሳሌም ስለነበረ ከእርስዋ በዓል ልንለያቸው አይገባም።

እንግዲህ በየቤታችን ልናደርገው የምንችለውን እንናገር። የሟቹን ስም፣ የአባቱንና የእናቱን ስም፣ የተወለደበትን መንደር፣ የሞተበትንም ቦታ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። የሞተበት ቀን ካልታወቀ ቤተ ሰቡ አንድ ቀን ይምረጥ፤ ኢያር 28ም ሊሆን ይችላል። በሾዓ አልቀው የሞቱበት ቀን ላልታወቀ ወገኖችም የራቢዎች ጉባኤ የቴቬትን 10 የካዲሽ ቀን አድርጎ ወስኗል፤ ስለዚህ ነገሩ በእኛ አልተጀመረም። በዚያ ቀን ሻማ ማብራት፣ ካዲሽ ማለት፣ ዳቦና ቡና አዘጋጅቶ ልጆችን ሰብስቦ መንገር ነው።

ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ሃር ሄርጽል ስትወጡ የመሪዎቹን መቃብር ተሳለሙ፤ እንደ ልማዱም ትንሽ ድንጋይ አኑሩ። በአገራችን በመቃብር ላይ ድንጋይ እንከምር እንዳልነበር! ከዚያም ወደ ወገኖቻችን መታሰቢያ ሂዱ፤ አንድ ድንጋይ አስቀምጡና የአንድ ሰው ስም ጮኽ ብላችሁ ጥሩ። በሱዳን ጮኾ መጥራት አልተቻለም ነበር፤ እዚህ ግን የሚከለክለን የለም።

መታሰቢያቸው የተባረከ ይሁን።