ተቀይማችሁ ከደጁ አትቅሩ

ልጆቼ፣ በወልቂጤም በቡታጅራም የማየው አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ካህን ያስቀየመው፣ ወይም የሙዳየ ምጽዋቱን ሒሳብ ጠይቆ «አንተ ማን ነህ?» የተባለ ወጣት ለማንም ሳይናገር ይቀራል። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ እያለ ዐቢይ ጾምም ያልፈዋል። ሲጠየቅ «ስብከቱን በስልኬ እሰማለሁ» ይላል። ስልክ አያቆርብም፤ ንስሐም አይቀበልም።

አልተጎዳችሁም አልልም። የሚያንገበግበኝ ዝም ብላችሁ መሄዳችሁ ነው። የጆካን ሸንጎ እያከበረ ያደገ የጉራጌ ልጅ፣ የድንበርና የደም ጠብ ሳይቀር በሽማግሌ የሚያስጨርስ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሲቀያየም ብቻ እንዴት አፉ ይያዛል? ለመስቀል ደመራው ሳይለኮስ የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ክትፎ መቅረብ ነውር ነው። እናንተ ግን ከአዲስ አበባ መጥታችሁ ከጎረቤት ትታረቁና የንስሐ አባታችሁን እንዳኮረፋችሁ ትመለሳላችሁ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የበደለህን ለብቻው ንገረው፣ ካልሰማህ ሰው ይዘህ ሂድ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ብሎ ሥርዓቱን አስተምሮናል። ዝም ብለህ ጥፋ ያለበት ቦታ የለም።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ልጅ ነበርሁ። የሰበካ ክፍያ ውዝፍ አለበት ተብሎ ፍትሐቱ ዘገየ፤ አስከሬኑ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመ። ክረምት ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሳንቲሙን አንድ በአንድ ስትቆጥር ዝናቡ በቃሬዛው ላይ ይወርድ ነበር። ያን ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ በልቤ ማልሁ። እሷ ግን በሚቀጥለው እሑድ እጄን ይዛ እዚያው አስቀደሰች። ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ ካህኑ ቤት ሄደች፤ ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ያደረጉባትን አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ለአርባው ካህኑ ራሳቸው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እናንተ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናችሁ፣ መብታችሁንም ታውቃላችሁ። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ ሰበካ ጉባኤን ሲያደራጁ ከካህናትና ከምእመናን ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም እንዲወከሉ ሆኗል። ቂም ይዛችሁ ስትቀሩ ወንበሩን ለማን እየተዋችሁ ነው? ሒሳቡን የደበቀው ሰው ከመቅረታችሁ በላይ የሚወደው ነገር የለም። ስለ መጎዳት ከሆነማ፣ እኚሁ ፓትርያርክ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ፤ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ሌላ ፓትርያርክ ተሾመ። በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸው ጎፋ ገብርኤል ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። ሃይማኖታቸውን ይዘው ነው የሞቱት።

ደግሞ ድፍረት አነሳችሁ አልልም። በጥር 2015 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን ወሊሶ ላይ ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ጳጳሳት ሲሾሙ፣ በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሳችሁ ቅጥሩን የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። ለሲኖዶስ የቆመ ወጣት በአጥቢያው ገንዘብ ያዥ ተሸንፎ ይቅር?

በሰውነታችሁ ላይ በደል የፈጸመ ካለ ግን ያ የሽምግልና ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ሕግ ሂዱ፣ «የቤተ ክርስቲያን ገመና ነው» የሚላችሁንም አትስሙ።

ሌላው ሁሉ ይነገር። ያስቀየማችሁን ሰው ከመስቀል በፊት ፊት ለፊት አነጋግሩት። ካልሰማ ለሰበካ ጉባኤው፣ ከዚያም ለወረዳ ቤተ ክህነቱና ለሀገረ ስብከቱ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቀኑን ጻፉ፣ ፈርሙ፣ ግልባጩን ያዙ። ብቻችሁን መግባት ከከበዳችሁ እኛን ሽማግሌዎቹን ጥሩን፤ አብረናችሁ እንቀመጣለን። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ግን እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ላይ ልያችሁ።