ኅሊናን መመርመር በትእዛዝ ይሆናልን?

ሰው ጥፋቱን በቅንነት እንዲመረምር ማዘዝ ይቻላልን? ቅንነቱንስ በማኅደር መዝግቦ መመዘን ይገባልን? ይህ ጥያቄ ሐኪሞችን በሚያሠለጥኑ ዘንድ ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ነገሩ ልጆችን ለምናሳድግና ሌሎችን ለምናስተምር ሁሉ የሚመለከት ስለ ሆነ ጥቂት ልናስብበት ወደድን። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሾን በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባለሙያ የሚበስለው በተማረው ደንብ ብቻ ሳይሆን የሠራውን መልሶ በማሰብ ጭምር እንደ ሆነ አስረዳ። ይህ አሳብ በሕክምና ትምህርትም ሥር ሰደደ። በብሪታንያ በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ያጋጠመውን፣ ያሰበውንና የተማረውን እየጻፈ በማኅደሩ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል፤ አሠልጣኙም ያነበዋል።

ዓላማው መልካም ነው። ሐኪም መድኃኒቱን ቢያውቅም፣ ድካሙ፣ ችኮላው ወይም ትዕቢቱ ፍርዱን እንዴት እንደሚያጣምምበት ካላወቀ ዕውቀቱ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን መዛኙ ምን ማንበብ እንደሚወድ የተረዳ ሠልጣኝ፣ የማይጎዳውን ትንሽ ጥፋት መርጦ «ብዙ ተማርሁ» ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ ቅንነትን ሊያስተምር የታሰበው ሥራ ማስመሰልን ያስተምራል።

ፍርሃት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። በ2011 በሌስተር ከተማ ሆስፒታል አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ደሙ በተሕዋስያን ተመርዞ ሞተ። ታክመው የነበረችው በሥልጠና ላይ ያለች ሐኪም በ2015 በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ተፈረደባት። በጥር 2018 ከሐኪሞች መዝገብ እንድትሰረዝ ተወሰነ፤ በነሐሴ ወር ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስረዛውን ሻረው። በዚያን ጊዜ የጻፈችው የራስ ምርመራ ማስረጃ ሆነባት የሚል ወሬ ተሰራጨ። ጠበቃ የቆመላት ማኅበር ማኅደሯ ለዳኞች እንዳልቀረበ ቢያስረዳም፣ ብዙ ሐኪሞች እውነቱን ለመጻፍ ፈሩ።

በምሥጢረ ንስሐ የተነገረው በማኅተም የተጠበቀ ስለ ሆነ ሰው ደፍሮ ይናገራል። የሐኪሙ ጽሑፍ ግን እንዲህ ያለ ማኅተም የለውም፤ ፍርድ ቤት ሊጠይቀው ይችላል።

እንግዲህ ጽሑፉ ፈጽሞ ይሰወር እንበልን? ልጁን ያጣ ወላጅ የሆነውን ሁሉ የማወቅ መብት የለውምን? አለው እንጂ። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ምን እንደ ተደረገና ምን እንደ ቀረ የሚናገረው የሕክምና መዝገብ ለበሽተኛውና ለቤተ ሰቡ የሚገባ ዕዳ ነው፤ በእንግሊዝም ከ2014 ጀምሮ ሆስፒታሎች ጉዳቱን በግልጽ እንዲናገሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። «ለምን እንዲህ አሰብሁ? ነገስ ምን ላድርግ?» የሚለው ግን ለመማር የሚጻፍ ነው። በ2018 የወጣው የብሪታንያ መመሪያም ሐኪሙ የበሽተኛውን ማንነት ሳይገልጥ በተማረው ላይ እንዲያተኩር ይመክራል፤ ተቈጣጣሪው ምክር ቤትም በምርመራው ጊዜ ይህን ጽሑፍ አምጡ እንደማይል አስታውቋል።

እኛ እንደሚመስለን፣ ማዘዝ የሚቻለው ጊዜውንና ስፍራውን ነው፤ ቅንነቱ ግን የሚገኘው አሠልጣኙ አስቀድሞ የራሱን ጥፋት በሠልጣኞቹ ፊት ሲናገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ቃል ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ለሐኪሙም ይሠራል። ልጅ እውነት በተናገረ ቍጥር የሚገረፍበት ቤት የሚያሳድገው ቅን ልጅ ሳይሆን ብልህ ውሸታም ነው። ስለዚህ እውነትን ከሌላው ከመጠየቃችን በፊት፣ በፊታችን እውነትን መናገር የሚያስደፍር መሆኑን እንመርምር።