ዳኛው ማን ይሁን? ስለ ኑክሌር ኃይልና ስለ ምእመናን ኃላፊነት

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አገራችን ወደ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታ እንደምታመራ በይፋ ተነገረ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሮሳቶም ከተባለው የሩሲያ መንግሥት ድርጅት ጋር የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ ተፈረመ። ዜናውን በደስታ የተቀበለ አለ፤ የሠጋም አለ። ከሁለቱም የሚቀድም ግብረ ገባዊ ጥያቄ ግን አለ፦ እንዲህ ያለ ሥራ በምድርና በሰው ላይ የሚያስከትለውን መዝኖ የሚፈርደው ማን ነው? ተራው ምእመንስ በዚህ ነገር ድምፁን የማሰማት ግዴታ አለበትን?

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን የአቶምን ኃይል ለሰላም ማዋልን አትኮንንም። ቅድስት መንበርም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ አባል ሆነዋል። በማገዶ ጢስ ዐይኗ የሚቃጠል እናት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ጥያቄያችን «ይሠራ ወይስ አይሠራ» ከማለት በፊት የሚመጣ ነው።

«ገበሬና ወዛደር ስለ ዩራኒየም ምን ያውቃል? ለሊቃውንት ይተው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የመሣሪያውን አሠራር ማወቅና አደጋውን ማን ይሸከም ብሎ መፍረድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሊቁ ነው፤ ሁለተኛው የኅሊና ነው። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ አስተውሎትን ሲያብራራ፣ ከሌላው ለመማር ፈቃደኛ መሆንን ከክፍሎቹ አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል።

ሊቅም ቢሆን በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሊሆን አይገባውም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በጃፓን ፉኩሺማ ከደረሰው አደጋ በኋላ የአገሪቱ ምክር ቤት ያቋቋመው ገለልተኛ ኮሚሽን፣ አደጋው ሰው ሠራሽ መሆኑን፣ ተቆጣጣሪውና ተቆጣጣሪ የተመደበለት ድርጅት እጅና ጓንት ሆነው መኖራቸውን ገልጿል። በዚያ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ነጻ ዳኛ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በሰበታ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ በሆለታ የአበባ እርሻዎች ተስፋፉ። ለብዙዎች እንጀራ ሆነዋል፤ ይህ አይካድም። ስለ ፍሳሹና ስለ ኬሚካሉ የሚነሣው ጥያቄ ግን ግንቡ ከቆመ በኋላ ሲመጣ ጠያቂው የእንጀራ ጠላት ይመስላል። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይባል የለምን? የቆሸሸ ወንዝ በብዙ ድካም ሊጠራ ይችላል፤ ከኑክሌር ማመንጫ ዝቃጭ ውስጥ የሚገኘው ፕሉቶኒየም ግን ግማሹ እስኪያልቅ ብቻ 24,000 ዓመት ገደማ ይፈጃል። ያልተወለዱት ሊጠየቁ አይችሉም፤ ስለ እነርሱ የሚጠይቅ ያስፈልጋል።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92፣ ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ዘገባ ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብ አዝዟል፤ ጥናቱን የማስጠናት ኃላፊነት ግን በባለ ፕሮጀክቱ ላይ ጥሏል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው፣ ግምገማው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ እንዳይሆን፣ ከገንዘብና ከፖለቲካ ጫና ነጻ እንዲሆን፣ የአካባቢው ነዋሪም ልዩ ስፍራ እንዲኖረው አስተምረዋል።

የደቡብ አፍሪካ ምእመናን ይህን በተግባር አሳይተዋል። የደቡባዊ አፍሪካ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች የአካባቢ ተቋም ኧርዝላይፍ አፍሪካ ከተባለ ማኅበር ጋር ሆኖ መንግሥትን በፍርድ ቤት ከሰሰ። ሚያዝያ 18 ቀን 2009 ዓ.ም. የኬፕታውን ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከሩሲያ ጋር የተደረገውን የኑክሌር ስምምነት ሕገ ወጥ ነው ሲል ሻረው፤ ማመንጫዎቹን ለመግዛት የተላለፈውም ውሳኔ ሕዝብ ሳይሳተፍበት በመወሰኑ ወደቀ። ድንጋይ አልተወረወረም፤ ሰነድ ተነበበ፣ ጥያቄ ቀረበ።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ሕጉን ለምእመናን አንብቡላቸው። ጥናቱ ነዋሪው በሚናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ እንዲቀርብና የሚመረምሩትም ደመወዛቸው ከገንቢው ያልሆነ ሰዎች እንዲሆኑ በትሕትና ጠይቁ። ያልተረጋገጠ ወሬም አትንዙ፤ ስምንተኛው ትእዛዝ ጠያቂውንም ያስራልና።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲያሰላ አስተምሮናል። ግንቡ የሁላችን ከሆነ ስሌቱም የሁላችን ነው። እግዚአብሔር ማስተዋልን ይስጠን።