አለንጋ ጣት ምን ይሠራል?

የአማርኛ ዘፈን ወዳጁን ሲያሞግስ አካሏን አንድ በአንድ ይቆጥራል። አንገቷ ብርሌ፣ ተረከዟ ሎሚ፣ ጣቷ አለንጋ ነው። ከመንዝና ከግሼ እስከ መርሐቤቴ በሠርግ ቤት ማሲንቆ ያደመጠ ሰው ይህን ሙገሳ ያውቀዋል። አንገትና ተረከዝ ለዓይን ይቀርባሉ፤ ጣት ግን ከመታየቱ ይልቅ መሥራቱ ይበዛል። ታዲያ ዘፈኑ የሚያመሰግነው የጣቱን መልክ ነው ወይስ ሙያውን?

ጥያቄው በመንዝ ይከብዳል። ደጋው ጥጥ አያበቅልም፤ በጉ ግን ፀጉር ይሰጣል። ሴቶቹ ፀጉሩን ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ይሸምናሉ። በፈትል ጊዜ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ፀጉሩን እየሳቡ ያቀጥኑታል፤ እንዝርቱ ያከረዋል። ክሩ የት እንደሳሳ፣ የት ሊበጠስ እንደሆነ ዓይን ከማየቱ በፊት ጣት ያውቃል። ከዓመታት ፈትል በኋላ ግን ያው ጣት ይሻክራል። ዘፈኑ መልክን ብቻ የሚያይ ከሆነ፣ ደጋውን ያለበሰው ጣት ከሙገሳው ውጭ ቀረ ማለት ነው።

እንዲህ ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው። በቀድሞው ዘመን ፈትል የድሃ ሴት ሥራ ብቻ አልነበረም። ወይዛዝርትም እንዝርት ይይዙ ነበር፤ «ቀጭን ፈታይ» መባልም ክብር ነበር። አለንጋውም ራሱ ይመሰክራል። ከጠፍር ተሠርቶ ከመያዣው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ዋጋው ግን በመተጣጠፉ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አለንጋ ቆዳ ነው፤ አለንጋነቱ የሚታወቀው ሲወነጨፍ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው፣ ሰምና ወርቅን ለርእስነት የመረጠው መጽሐፍ በመንዝ ባደረገው ጥናት ላይ የቆመ ነው። ዘፈኑም በሰምና ወርቅ የአነባበብ ባህል ከታየ የጣቱ ቅጥነት ሰሙ፣ የጣቱ ሙያ ወርቁ ይሆናል።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ ያለው በአዝማሪው እጅ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ አለው። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቁትም፤ እንደተወጠረ ይነኩታል። ድምፁ የት እንዳለ የሚያሳይ ምልክት በእንጨቱ ላይ የለም። ክራር ሲገረፍ ደግሞ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ይዘው ዝም ያሰኛሉ። ዜማው የሚወጣው ጣት ከለቀቃቸው ክሮች ነው።

ጣትን የሚያሞግሰው ዘፈን፣ እንግዲህ፣ ራሱ የጣት ሥራ ነው።

የልጆች ዜማም ወደዚሁ ያደርሳል። የመዋዕለ ሕፃናት መሥራች የሆነው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1844 ለእናቶች ባሳተመው የመዝሙር መጽሐፍ የጣት ጨዋታዎችን አካቷል። በዩቲዩብ ዓለምን ያዳረሰው የጣቶች ቤተሰብ መዝሙር ደግሞ አምስቱን ጣቶች አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እኅትና ሕፃን ያደርጋቸዋል። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ የሚማራቸው ጣቶች ግን አንዱ አውራ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ የቀለበት ነው። ልጁ ጣቱን ሲቆጥር፣ ጣት በዝምድናው ሳይሆን በግብሩ እንደሚጠራ አብሮ ይለምዳል።

የግሪኩ ፈላስፋ አናክሳጎራስ ሰው ከእንስሳት ሁሉ ብልህ የሆነው እጅ ስላለው ነው አለ። አሪስቶትል ነገሩን ገለበጠው፤ ሰው እጅ ያገኘው ብልህ ስለሆነ ነው። ክርክሩን በመንዝ ጓሳ ላይ መመልከት ይቻላል። ጭላዳ ዝንጀሮ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ ሣሩን እየለቀመ ይበላል። የአካባቢው ሰው በጓሳ ሣር ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል። ሁለቱም ጣት ሣር ይይዛል፤ ነገር ግን ገመድ የሚገምደው ጣት ሙያውን ከሌላ ሰው ጣት የተቀበለ ነው። ልጅቱ ፈትልን የምትማረው የእናቷን ጣት እያየች ነው። ብልሃቱ በእጅ ወይም በአእምሮ ብቻ አይኖርም፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ በሚያልፈው ልምድ ውስጥም አለ።

የፋብሪካ ብርድ ልብስ በየገበያው በሚሸጥበት በዚህ ዘመን ይህ ልምድ ከእጅ ሊወጣ ይችላል፤ ሙገሳው ግን ብቻውን ሊቀር ይችላል። በመንዝ መሐል ሜዳም ሆነ በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ለሠርግ የሚገጥም አዝማሪ የሙሽራዋን ጣት ሲያሞግስ የፈተለችውን፣ የሰፋችውን ወይም የጻፈችውን አብሮ ቢጠራ ከአባቶቹ ሙገሳ አይወጣም። አለንጋው ከመጀመሪያው አዝሎት የመጣውን ሙያ በግልጽ ይናገራል እንጂ።