ሚዜ የሌለው ጭቅጭቅ

ልጄ፣ ከልጁ ጋር አንድ ቤት ተከራይታችሁ መኖር ከጀመራችሁ ቆይታችኋል። ሽማግሌ አልተላከም፣ ሰማንያም አልተፈራረማችሁም። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። የማወራሽ ስለ ጭቅጭቃችሁ ነው።

የምትጨቃጨቁበትን አውቀዋለሁ። ወጡ ሳይበስል የመብራት ካርዱ ያልቃል። አንቺ «ባለፈው የሞላሁት እኔ ነኝ» ትያለሽ፣ እሱ «ከዚያ በፊት ማን ነበር?» ይላል፤ ጨለማ ውስጥ ቆማችሁ የከረመ ሒሳብ ታወራርዳላችሁ። የፈረቃው ውሃ ሌሊት ሲመጣ ሁለታችሁም ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ሁለታችሁም የተኛ ሰው ትመስላላችሁ፤ ጠዋት በርሜሉ ባዶ ነው። ቅዳሜ ማታ እሱ አርሰናል ሲል አንቺ የቱርኩ ድራማ ትያለሽ፣ ሪሞቱ ትራስ ሥር ይገባል። ሽሮው አንድ ቀን ወፈረ፣ አንድ ቀን ቀጠነ። እናቱ የላኩትን በርበሬ «ያቃጥላል» ያልሽ ዕለት የተነሳው ኩርፊያማ ሳምንት ከረመ።

በዚህ አትሸማቀቂ። በበርበሬ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አብረው እየበሉ ነው። እኔ የምሰጋው ተዘጋግተው በየፊናቸው ለሚበሉት ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ስለ ካርዱ እየተከራከራችሁ «ድሮስ መቼ አገባኸኝ!» አትበይው፤ እሱም «ባልሽ አይደለሁ!» እንዳይል ንገሪው። የጋብቻን ጉዳይ ማንሳት መብትሽ ነው፣ መነሳትም አለበት። ግን ለብቻው ይነሳ፦ እሁድ ከሰዓት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁለታችሁም ጠግባችሁ። በንዴት መሃል ከተወረወረ መልስ አያገኝም፤ ካርዱ ተሞልቶ መብራቱ ሲመጣ እንኳ ቃሉ ቤት ውስጥ ይቀራል።

«ፍሪጁ የእኔ ነው፣ ሶፋው ያንተ ነው» የምትሉትንም ተዉት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩትንም አልረሳቸውም። ግንኙነቱ ከ3 ዓመት ካላነሰ፣ በዚያ ጊዜ ከሥራችሁ ባገኛችሁት ገቢ የተገዛው የጋራ ይሆናል። ሕጉ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል፤ ክልል ውስጥ ከሆናችሁ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ጠይቂ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። በሽማግሌ የተጋቡ ሰዎች ሲኳረፉ የሚሄዱበት አላቸው። ሚዜ ለሠርግ ቀን አጅቦ ፎቶ ተነስቶ የሚበተን ሰው አልነበረም። ሙሽራይቱን እንደ እህቱ የሚያይ፣ እሷም ባሏ ሲያስከፋት ስሞታ የምታሰማው፣ መጥቶ የሚያስታርቅ ሰው ነበር። እናንተ ይህ ሰው የላችሁም። ስለዚህ አንቺ ለእህትሽ ታወሪያለሽ፣ እሱ ለጓደኞቹ ያወራል፤ ሁሉም የራሱን ሰው ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል። እናንተ ታርቃችሁ አንድ ትሪ ላይ ስትቀርቡ እህትሽ ገና እንዳኮረፈችው ናት። እሷ የሰማችው ጥፋቱን እንጂ ይቅርታውን አይደለም።

ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰው ምረጡ። በትዳር የኖረ ቢሆን ደግ ነው፣ አለዚያም ወሬ የማያመላልስ ይሁን። ገንዘብ የሚበደራችሁ ወይም የምትበደሩት ሰው ግን አይሁን። ከዚያ በኋላ ስሞታችሁን ከእሱ ውጭ ለማንም አታውሩ፤ ለእናትሽም ቢሆን።

ይህን የምልሽ ለጭቅጭቅ ነው። እጁን ካነሳብሽ ሽምግልና አትጠብቂ፤ ቤቱን ለቀሽ ወደ ወገኖችሽ ሂጂ፣ ለፖሊስም አመልክቺ።

የሚያስታርቃችሁን ሰው በሰላም ሳላችሁ ምረጡት። ከጠብ በኋላ ከተመረጠ አንዳችሁ «ያንተ ወገን ነው» ማለታችሁ አይቀርም። ሁለታችሁም አብራችሁ ቤቱ ሂዱና «ስንጣላ የምንመጣው አንተ ጋ ነው» በሉት።