ከቦራ ጋር የተጠመደው ወይፈን

አንድ ገበሬ ሁለት ወይፈኖች ነበሩት፤ መጋልና ወይኖ። ሁለቱም ጉልበታቸው የሞላ ነው፣ ግን ለእርሻ አልተገሩም። መጋል ቀንበር ሲያይ ይፈረጥጣል። ወይኖ ደግሞ ትልም መሃል ይተኛል። ገበሬው "አንድ ላይ ጠምጄ ብገራቸው ድካሜ በግማሽ ይቀንስልኛል" ብሎ አሰበ።

ግንቦት ሲገባ ጠመዳቸው። መጋል ሲደነብር ወይኖ አብሮ ደነበረ። ወይኖ ሲተኛ መጋል ቆሞ አየው፤ በማግስቱ እሱም ጉልበቱን አጥፎ ተኛ። ሳምንት ሳይሞላ የአንዱ ዓመል የሁለቱም ሆነ። ሞፈሩ ተሰበረ። ገበሬው ጅራፍ አበዛ፤ ጅራፉ ሲበዛ ነገሩ ባሰ። እረኞቹ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ያዩ ነበርና መጋል ቀንበሩን ባሽቀነጠረ ቁጥር ያፏጩለታል።

ገበሬው ሲመረው ወደ ጎረቤቱ ሽማግሌ ሄደ።

"አባቴ፣ ሁለቱንም ሸጬ ልገላገል ነው" አላቸው።

"ከመሸጥህ በፊት ጫንቃቸውን አይተሃል ልጄ?"

አላየም ነበር። ሽማግሌው መጡና መጋልን እያሻሹ ቀረቡት፤ የማጅራቱን ጠጉር በጣታቸው ከፈል አደረጉት። ቀንበሩ የሚያርፍበት ቆዳ ተልጦ ቀይ ሥጋ ወጥቷል፣ ዳር ዳሩ ደርቆ ቅርፊት ይዟል። "ይሄ የሚሸሸው ሥራ አይደለም፣ ሕመም ነው" አሉ። ቁስሉን አጥበው ቅቤ ቀቡት፤ የቀንበሩንም ሻካራ ፍቀው አለሰለሱት። እስኪሽር ድረስ ማንም እንዳይጠምደው አዘዙ።

ሲሽርለት ወይፈኖቹን ወደ ደጃቸው አስመጥተው የራሳቸውን በሬ ቦራን አወጡ። ቦራ ብዙ ክረምት ያረሰ ሽማግሌ በሬ ነው።

"አንድ ቀን መጋልን፣ አንድ ቀን ወይኖን ከዚህ ጋር ጥመድ። ሁለቱን አንድ ላይ ግን ገና ነህ" አሉት።

መጋል ሲደነብር ቦራ አልደነበረም፤ አልወጋውምም። ባለበት ቆመ። መጋል ጎትቶ ጎትቶ ሲያቅተው ረጋ፤ ያኔ ቦራ ተራመደ። ሥራው በባዶ ቀንበር ተጀመረ፣ ቀጥሎ ቀላል ግንድ አስጎተቱት፣ ከዚያ ቀድሞ የታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ አወጡት። ሁሌም በማለዳ፣ ፀሐዩ ሳይከር። አንድ ነገር ግን ሽማግሌው አጥብቀው ከለከሉ፦ "ሲተኛ አትፍታው። ሲተኛ ከፈታኸው መተኛት መፍቻው እንደሆነ ይማራል። ጥቂት እርምጃ ደህና ሲሄድ ያኔ ፍታው፣ እከክለት።"

በሽማግሌው ደጅ እንዲህ የረጋው መጋል ወደ ገበሬው ማሳ ሲመለስ እንደገና አመፀ። ገበሬው ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ሽማግሌው "የለመደው የእኔን ደጅና የእኔን ድምፅ ነው። አሁን እርፉን አንተ ያዝ፣ እኔ የምለውን ቃል አንተም በል፤ እኔ ከጎንህ እሄዳለሁ" አሉት። እንደዚያ አደረጉ። በሐምሌ የጤፉ ማሳ ሲታረስ መጋልና ወይኖ ያለ ቦራ ተጠምደው ዋሉ።

ልጅ በሬ አይደለም፤ ቀንበር ሊሸከምም አልተወለደም። ምሳሌውን ያመጣሁት ለገበሬው የመጀመሪያ ሐሳብ ብዬ ነው። የሚማታ፣ የሚሳደብ፣ ተራ መጠበቅ ያቃተው ልጅ ሲበዛብን እኛም ሰብስበን አንድ ክፍል እናስገባቸዋለን፣ ከሌሎች ጋር መኖርን እናስተምራቸዋለን እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1999 ቶማስ ዲሺዮን፣ ጆአን ማኮርድና ፍራንሷ ፑላን አሜሪካን ሳይኮሎጂስት በተባለው መጽሔት ላይ እንዳሳዩት፣ አስቸጋሪ ታዳጊዎችን ብቻ ለይቶ በቡድን መርዳት አንዳንዴ ዓመላቸውን ያከፋዋል። ከመንገዶቹ አንዱ ሳቅ ነው። አንዱ ያጠፋውን ሲተርክ ጓደኞቹ ይስቁለታል፤ ያ ሳቅ መምህሩ ከሚሰጠው ምስጋና ይበልጥበታል።

የረጋ ልጅ ያላቸው ወላጆች ደግሞ ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደመጣች ያስታውሱናል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ሮናልድ ፌልድማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1983 በመጽሐፍ የወጣው ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል፦ አንድ ሁለት አስቸጋሪ ልጆች በብዙ የረጉ ልጆች መሃል ሲገቡ አስቸጋሪዎቹ ተሻሻሉ፣ የረጉትም አልተበላሹም። ቁም ነገሩ ማን ይበዛል የሚለው ነው፤ ልምድ ያለው መሪ መኖሩም እንዲሁ።

ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። ቡድኑ ትንሽ ይሁን፣ መሪዎቹ ሁለት ቢሆኑ ይመረጣል፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው የልጆቹን ፊት ያያል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። ለምሳሌ የጓደኛን ኳስ ሳይነጥቁ መጠየቅ፦ መሪው ሠርቶ ያሳያል፣ ልጆቹ ተራ በተራ ይሞክሩታል፣ ደህና የሆነው ወዲያው ይነገራቸዋል። ትምህርቱ ከብዶት የሚረብሽን ልጅ ከክፍል ማስወጣት ተኝቶ እያለ መፍታት ነውና ሥራውን አሳንሱለት፣ ጥቂቱን ሲሠራ ያኔ አሳርፉት። ከሁሉ በፊት ግን ጫንቃው ይታይ። ጆሮው በደንብ ይሰማል? ቁርስ በልቶ ነው የመጣው? ቤት ውስጥ ይደበደባል?

እንዲህ ያለ ቡድን ለመጀመር ያሰባችሁ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፣ የስም ዝርዝሩን ስታዘጋጁ በእያንዳንዱ አስቸጋሪ ልጅ አንጻር ከአንድ በላይ የረጋ ልጅ ስም ጻፉ። እናቱን ወይም አባቱን፣ የክፍል መምህሩንም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ጥሩ፤ እናንተ የምትሉትን ቃል ይስሙት፣ ቤትና ክፍል ውስጥም ያንኑ ይበሉ።