ባለርስት ወይስ ተረኛ?

የትምህርት ቤት መዝጊያ ሲቃረብ ልጆች «ዘንድሮ የት እንሄዳለን?» ማለታቸው አይቀርም። ወላጆችም የዕረፍት ቀናቸውን፣ የመኪናቸውን ዕድሜና የቤንዚኑን ዋጋ አስልተው ብዙውን ጊዜ ሂውስተን ዘመድ ዘንድ ደርሶ መመለስን ይመርጣሉ። ዘመድ ጥየቃ የተመሰገነ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌላ ዓይነት የመኪና ጉዞ ላጫውታችሁ እወዳለሁ፤ ሰዎች መሬታቸውን፣ ሣራቸውንና ውሃቸውን ሳይጨርሱ እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት ስለሚደረግ ጉዞ። እንዲህ ያለው ጉዞ ከመልክዓ ምድሩ ውበት ሌላ አንድ ጥያቄ ያስከትላል፦ አንድን መሬት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ማን ነው? የተወለደበት ነው ወይስ የሚኖርበት?

ጥያቄው ለማንም ሰው ነው፤ በስደት ለሚኖር ግን ይከብዳል። እኛ በዩለስና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የተወለድንበትን መሬት ትተን መጥተናል። የምንኖርበትን ደግሞ፣ ዜግነት ከወሰድን በኋላ እንኳ፣ «የሰው አገር» ማለት አልተውንም። የመጀመሪያውን ከሩቅ ሆነን እንናፍቃለን፤ ሁለተኛውን በ183 አውራ ጎዳና ወደ ሥራ ስንከንፍ ዞር ብለን አናየውም። እንግዲህ ከሁለቱም ግዴታ ነጻ ነን ማለት ነውን?

ጉዞውን በሐሳብ ከአገር ቤት እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መንዝ ሲደረስ ጓሳ የሚባለው ደጋ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ፣ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ቦታ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይውልበታል፤ በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎችም የተወሰኑት ይኖሩበታል። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከተባለው ሣር ነው። መንዜ በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራል። ይህን ያህል ፈላጊ እያለው ሣሩ እስከ ዘመናችን የደረሰው ሰው ስላልነካው አይደለም፤ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ስለ ተጠበቀ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ነበረ በሚነገረው በዚህ ሥርዓት ጓሳ ለ3፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። በተዘጋበት ጊዜ አጫጅም ከብትም አይገባም። ጠባቂዎቹ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ፤ በየተራቸው ይወጣሉ፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። ሣሩ ሲደርስ ቀኑ ይነገርና ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይሰማራል።

ነገር ግን ቀሮን ስናደንቅ አንድ ነገር መሸሸግ የለብንም። በጓሳ የመጠቀም መብት የነበረው አካባቢውን አቀኑ ከሚባሉት ከሁለቱ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ ዘሩን ቆጥሮ መድረስ ለቻለ ሰው ነበር። ዘር መቁጠር ያልቻለ ጎረቤት፣ ብርዱ እኩል እየገረፈው፣ ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ይህን የርስት አጥር አፈረሰው። ለተገፋው ሰው ይህ ፍትሕ ነበር። ይሁን እንጂ አጥሩ ሲፈርስ ተራውም አብሮ ፈረሰ፤ የሁሉም የሆነው ሣር ጠባቂ አጣና ተጎዳ። ኋላ ነዋሪዎቹ ጉዳቱን አይተው በየቀበሌያቸው መክረው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ጓሳንም እንደገና መዝጋትና መክፈት ጀመሩ። በዚህኛው ዙር የተፈለገው የዘር ሐረግ ሳይሆን በአካባቢው መኖርና ደንቡን መቀበል ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በድሮው ቀሮ ቢሆን ኖሮ እኛ ስደተኞች በየትም አገር ከበር ውጭ በቀረን ነበር። አጥር ሁሉ ይፍረስ ብንል ደግሞ ሣሩ ያልቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ጥበቃ ይኑር ወይስ አይኑር?» አይደለም፤ «ሰውን ሳያገልሉ መሬትን መጠበቅ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው።

ከመንዝ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ደቡብ ጎንደር ስንዘልቅ ከወረታ ከተማ ብዙ ሳይርቅ አውራ አምባ ትገኛለች። ዙምራ ኑሩ የተባሉ ገበሬ ከጥቂት ሰዎች ጋር በ1964 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቷት መንደር ናት። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ ይፈትላል፤ የወንድና የሴት ተብሎ የተለየ ሥራ የለም፤ አረጋዊና ሕመምተኛ በማኅበሩ ይጦራል። በደርግ ዘመን ተሰደው ወደ ደቡብ ሄደው ነበር፤ ሲመለሱ መሬታቸው እጅግ ጠብቦ ቆያቸው። እነርሱም በጠበበው መሬት ላይ ብቻ ሙጥኝ ከማለት ይልቅ ሽመናና ወፍጮ መተዳደሪያቸው እንዲሆን አደረጉ። በአውራ አምባ የማኅበሩ አባል የሚያሰኘው ሠርቶ ማደርና ደንብ ማክበር እንጂ የአባት ስም አይደለም።

ይህን የአገር ቤት ጉዞ በመኪና አድርጉት እንዳልል፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ለሽርሽር የሚታሰብ አልሆነም። ሰላም ሲወርድ ለልጆቻችን የምናሳየው ዕዳ ይሁንብን። እስከዚያው ግን ከዩለስ ተነሥቶ ወደ ዩለስ የሚመለስ ሌላ መንገድ አለ።

በ287 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምዕራብ ስድስት ሰዓት ያህል ብትነዱ፣ አማሪሎ አጠገብ ሜዳው በድንገት ተሰንጥቆ ፓሎ ዱሮ የተባለውን ቀይ ሸለቆ ታያላችሁ። 120 ማይል ያህል ይረዝማል። በዚህ ሸለቆ መስከረም 1874 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር የኮማንቺ፣ የካዮዋና የሻያን ሰዎችን ወግቶ ከ1,000 በላይ ፈረሶቻቸውን ረሸነባቸው፤ ያለ ፈረስም ክረምቱን መግፋት ስላልቻሉ እጃቸውን ሰጡ። በ1876 ቻርልስ ጉድናይት የተባለ ከብት አርቢ ሸለቆውን ያዘ። በዚያው ዘመን አዳኞች ባይሰን የተባለውን የአሜሪካ ጎሽ ለቆዳው ሲሉ ሊጨርሱት ተቃርበው ነበር። የጉድናይት ሚስት ሞሊ ግን በ1878 እናታቸው የሞተችባቸውን ጥጆች ማሳደግ ጀመረች። የእነዚያ ጥጆች ዘር ዛሬ ከፓሎ ዱሮ በማይርቀው በኬፕሮክ ካንየንስ የግዛት ፓርክ ሲግጥ ይታያል። ሞሊ የቴኔሲ ተወላጅ እንጂ የሸለቆው ልጅ አልነበረችም። መጤ ሰው የሰው መሬት ሊነጥቅ እንደሚችል፣ ሌላው የጣለውን ሊያነሣም እንደሚችል ይህ ሸለቆ ሁለቱን በአንድ ላይ ያሳያል። አንዱ መልካም ሥራ ሌላውን በደል አይሽረውም፤ ለልጆቻችን ሁለቱንም መንገር ይገባል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ኒው ሜክሲኮ ገብታችሁ ታኦስ ፑዌብሎ ትደርሳላችሁ። ከጭቃ ጡብ የተሠሩት ባለ ብዙ ደርብ ቤቶች የብዙ መቶ ዓመታት ዕድሜ አላቸው፤ ዩኔስኮ በ1992 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከመንደሩ በላይ በተራራው ውስጥ ለነዋሪዎቹ የተቀደሰ ሰማያዊ ሐይቅ አለ። መንግሥት በ1906 ቦታውን ወስዶ ከብሔራዊ ደን ጋር ቀላቀለው። ሕዝቡ «በገንዘብ እንካሳችሁ» ቢባል እምቢ ብሎ 64 ዓመት ተሟገተ፤ በመጨረሻም ታኅሣሥ 15 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሐይቁን ከ48,000 ኤከር መሬት ጋር የሚመልሰውን ሕግ ፈረሙ። ከዩለስ ከ600 ማይል በላይ የነዳችሁ እናንተ ግን ሐይቁን አታዩትም፤ ለውጭ ሰው ዝግ ነው። ቅር አይበላችሁ። ጓሳ በተዘጋበት ዓመት የመንዝ ሰው የሚፈልገውን ሣር ከሩቅ እያየ ይመለስ እንደ ነበረ አስቡ። አንዳንድ ቦታ የሚኖረው ሰው ስለ ጎበኘው ሳይሆን ሰው ስለ ተወው ነው፤ መተውም የጠባቂ ሥራ ነው።

ስትመለሱ በ54 መንገድ በካንሳስ በኩል ዙሩ። ግሪንስበርግ የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛላችሁ። ግንቦት 4 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ሌሊት ቶርኔዶ ከከተማይቱ 95 ከመቶ የሚሆነውን አፈረሰ። 1,400 ገደማ የነበረው ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ሌላ ቦታ ቀረ። የቀሩት ግን ከተማቸውን ኃይል በሚቆጥቡ ሕንጻዎችና በነፋስ በሚመነጭ ኤሌክትሪክ መልሰው ሠሩ። ዛሬም የሕዝቧ ቁጥር ከ1,000 በታች ነው። ሕንጻ በጥበብ ቢታነጽም ሕዝብን አይተካም፤ ከተማዋን ያቆሟት «እዚሁ እንኖራለን» ያሉት ናቸው።

ከዊቺታ በ35 አውራ ጎዳና ወደ ቤት ስትመለሱ ዩለስን በሌላ ዓይን ተመልከቷት። ስሟን የሰጣት ኤሊሻ አደም ዩለስ ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቴኔሲ የመጣ ሰው ነው። ከእርሱ በፊት እዚህ የነበሩት የመሬቱ ሰዎች፣ በ1843 ከዚህ በስተደቡብ በትሪኒቲ ወንዝ አጠገብ በበርድስ ፎርት ከቴክሳስ ሪፐብሊክ ጋር ውል ቢፈራረሙም፣ ጥቂት ቆይቶ ተገፍተው ወጡ። እንግዲህ «የሰው አገር» የምንለው መሬት፣ በላዩ ያለው ሰው አብዛኛው የመጣበት ነው። አስቀድሞ የመጣ ሁሉ ባለርስት፣ ዘግይቶ የመጣ ሁሉ እንግዳ ከተባለ፣ ልዩነቱ የአውሮፕላን ቲኬቱ ቀን ብቻ ሊሆን ነው።

«ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት ኤርፖርት አድሮ ቀን ልጅ የሚያደርስ፣ በኪራይ ቤት ሆኖ ለአገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ሰው ስለ ሣርና ስለ ወንዝ ያስብ ወይ?» የምትሉ አላችሁ። ሐቅ ነው፤ የደከመን ሰው መውቀስ ደግ አይደለም። ነገር ግን ያ የደከመ ሰው ዕድር ውስጥ አለ። መልኩን ለማያውቀው ወገን ሬሳ መሸኛ በየወሩ ያዋጣል፤ ተራው ሲደርስ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል። «የማን ዘር ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ለሙታን ያወቅንበትን ተራ ለምንጠጣው ውሃ ብናውለው ምን ይከፋል?

ነገሩም ሩቅ አይደለም። በየመንገዱና በየመኪና ማቆሚያው የሚጣለው ፌስታልና ጠርሙስ ዝናብ ሲጥል ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ትሪኒቲ ወንዝ ይወርዳል። የትሪኒቲ ውሃ ተጠራቅሞ ሊቪንግስተን ሐይቅ ይገባል፤ ሂውስተን ከምትጠጣው ውሃ ብዙው ከዚያ ይቀዳል። ዘመድ ጥየቃ ሂውስተን ስንወርድ ከማቀዝቀዣ አውጥተው የሚያቀርቡልን ውሃ በደጃችን ያለፈ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ቴክሳስ በ1985 እ.ኤ.አ. የጀመረችው፣ ኋላም ሌሎች ክፍለ ግዛቶች የተከተሉት «መንገድ የማሳደግ» ሥርዓት አለ። አንድ ማኅበር 2 ማይል የሚያህል አውራ ጎዳና ለ2 ዓመት ይረከብና በዓመት 4 ጊዜ ቆሻሻውን ይለቅማል። 2 ማይል ለአንድ ሰው ብዙ ነው፤ ለአንድ ዕድር ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ያልቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ማንም የዘር ሐረጋችንን አይጠይቀንም። የሚጠየቀው በቀኑ መገኘታችን ብቻ ነው።

ውድ አንባቢያን፤ በእኔ አስተያየት መሬትን የራስ የሚያደርገው መወለድም፣ ቀድሞ መድረስም፣ አይቶ ማድነቅም አይደለም፤ በተራ መጠበቅና ሲከለከል መከልከል ነው። ይህን መብት ማንም አልነሣንም፤ ያልጠየቅነውም እኛው ነን። በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚለው አጀንዳ ላይ ሲደረስ፣ እጁን አውጥቶ ስለ ሁለቱ ማይል የሚያነሣ አንድ ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቸር ይግጠመን።